አርባ ሰባት ደቂቃ በሪችመንድ

ኡሙልኸይር ሥራዋን ለሰው ማስረዳት ከተወች ቆይታለች። ሠርግ ላይም ሆነ መስጊድ ግቢ ውስጥ "አሁን የት ነው የምትሠሪው?" ብሎ የጀመረ ሰው መልሱን እስከ መጨረሻው አይሰማትም። የድርጅቶችን ዳታ ወደ ክላውድ አጓጉዛለሁ ስትል "በኢንተርኔት አይሄድም እንዴ?" ይሏታል። ሲበዛ በኢንተርኔት አይሄድም፣ ሳጥን ውስጥ ተሞልቶ በመኪና ነው የሚሄደው ስትል ደግሞ ይሥቃሉ። እትዬ ራውዳ፣ እዚህ ካሊፎርኒያ ያለ የወሎ ሰው ሁሉ ሲቸግረው ሪችመንድ ድረስ ሄዶ ቤታቸው የሚሰበሰብባቸው ሴትዮ፣ አንድ ቀን ሴቶች በተቀመጡበት "ክላውድ ማለት ደመና አይደል? ኡሙ እኮ ደመና ላይ ዕቃ የምትጭን ናት፤ ዘንድሮ ዝናብ ቀረ ብላችሁ እኔን አትጠይቁኝ፣ እሷን ጠይቋት" ብለው ቤቱን አሥቀውባታል። አብራ ሣቀች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ በሩን ስትዘጋ ግን ሣቁ ከፊቷ ላይ ወረደ።

ነገሩ በመጀመሪያው ቀን የገባው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ኮምቦልቻ ያለው ታላቅ ወንድሟ አብዱልሙኒም። አባታቸው ሲሞት እሷ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ያሳደጋት እሱ ነው። ያኔ ወደ አሰብ የሚወርዱ የጭነት መኪናዎችን ሰነድ የሚሞላ ጸሐፊ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቢሮው ጥግ አግዳሚ ላይ ያስቀምጣትና የኩንታሉን ቁጥር ያስደምራታል። ስትሳሳት አይቆጣም። "አሁን አሥር ኩንታል ስኳር መንገድ ላይ ጠፋብሽ፤ ሹፌሩን እናሳስረው ወይስ ደግመሽ ትደምሪያለሽ?" ይላታል። ደግማ ትደምራለች። ሹፌሩ ይድናል።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ ያጠናችው በዚያ አግዳሚ ምክንያት ነው ብትል ማጋነን አይሆንም። ኦክላንድ በደረሰች ጊዜ ግን ዲግሪዋን የጠየቃት አልነበረም፤ አራት ዓመት የኤርፖርት ፓርኪንግ ዳስ ውስጥ ተቀምጣ ትኬት ቀደደች። ከዚያ ኮሌጅ፣ ከዚያ ሳንታ ክላራ የሚገኝ የኮምፒውተር አዳራሽ ውስጥ የዳታ ቴፕ መቀያየር፣ በመካከሉ ከልጇ ከሌይላ አባት ጋር መለያየት፣ በመጨረሻም በአርባ አራት ዓመቷ አሁን ያለችበት ድርጅት። እዚህ የምትሠራው ማቀድ ነው። የትኛው ዳታ በየትኛው ሳጥን ይገባል፣ ለመቅዳት ስንት ቀን ይፈጃል፣ ማን ይጭናል፣ ማን ይረከባል።

ይህን ሁሉ በስልክ ስትነግረው አብዱልሙኒም "ታዲያ ማሸጊያውን የሚቆርጠው ማነው?" ብሎ ጠየቃት።

"ተረካቢው ነው። ቁጥሩን ከሰነዱ ጋር ያመሳክርና ይቆርጣል።"

"መኪናው መንገድ ላይ ይቆማል?"

"አይቆምም።"

"ደግ። የታሸገ ጭነት አይጠየቅም፤ የቆመ መኪና ግን ይጠየቃል።"

ስልኩን ዘግታ ወጥ ቤቷ ውስጥ ብዙ ቆመች። አሜሪካ ከመጣች አሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቃት የለም ነበር። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ሲደዋወሉ መጀመሪያ የሚጠይቃት ስለ ጤናዋ ሳይሆን "ጭነቱ እንዴት ነው?" ብሎ ነው።

የፈረንጆቹ 2016 ጭነት ከሁሉም የከፋ ነበር። ባለቤቶቹ ክሊኒኮች ናቸው። የሃያ ዓመት የራጅና የኤምአርአይ ምስል ኦክላንድ መሐል በሚገኝ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ተጠራቅሟል። ሕንፃው ሊፈርስ ነው። መብራቱ የሚቆረጠው ጭነቱ በሚወጣበት ሳምንት አርብ እንደሆነ ከወራት በፊት በደብዳቤ ተነግሯል። አለቃዋ፣ ሁልጊዜ ችኩል የሆነ ሰውዬ፣ በመጀመሪያው ስብሰባ "ለምን ዝም ብለን በመስመር አንልከውም?" አለ። ኡሙልኸይር ነጭ ሰሌዳው ላይ ደመረችለት። መስመሩ ቀንም ሌሊትም ሌላ ሥራ ሳይሠራ ቢልክ መቶ አሥራ አንድ ቀን ይፈጃል። ክሊኒኮቹ ግን በቀን ይጠቀሙበታል፤ ስለዚህ ዘጠኝ ወር። በእጃቸው ያለው ስምንት ወር ነው። አለቃዋ ራሱን ነቀነቀ። በሁለተኛው ስብሰባ ያንኑ ጠየቀ። በሦስተኛው ደግሞ ሌላ ሰው ይዞ መጥቶ፣ ያ ሰውዬ ጠየቀ። ሦስት ጊዜ ያንኑ ቁጥር ያንኑ ሰሌዳ ላይ ጻፈች።

በመጨረሻ ዕቅዷ ጸደቀ። አሥራ ሰባት ግራጫ የዲስክ ሳጥኖች፣ እያንዳንዳቸው ሃያ ሁለት ኪሎ። ዘጠኙ ሰኞ፣ ስምንቱ ሐሙስ ከኦክላንድ ተነሥተው ሳን ሆዜ ወዳለው የክላውዱ መረከቢያ ይሄዳሉ። የክሊኒኮቹ ውል ግን የሚያስፈራ ነበር። የሕሙማን ምስል ስለሆነ ሹፌሩ በስሙ የተመዘገበ፣ ዋስ ያለው መሆን አለበት። መንገዱ አስቀድሞ ተሥሎ ይሰጠዋል። መኪናው ያለ በቂ ምክንያት ከቆመ ጭነቱ "የተጠረጠረ" ይባልና ይሰረዛል፤ እንደገና ይቀዳል። ዘጠኝ ሳጥን እንደገና ለመቅዳት ዘጠኝ ቀን ይፈጃል። ይህን ቁጥር ያሰላችው ራሷ ናት።

ሹፌር ስትፈልግ ያሰበችው ሙሐመድዘይንን ነው። ሐምሳ ስምንት ዓመቱ፣ የደሴ ሰው፣ ሃያ ዓመት ታክሲ ነድቶ አሁን አንድ የጭነት መኪና ያለው፣ ኦክላንድ መስጊድ ውስጥ ጫማ የሚያስተካክል ዓይነት ሰው። ዋስ የሚለው ቦታ ላይ የራሷን ስም ጻፈች። አለቃዋ "ዘመድሽ ነው?" ሲላት "ከዘመድ ይበልጣል" አለችው። ያን ለታ ኮራች።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ዘጠኙ ሳጥኖች ተጭነው ታሸጉ። እሷ ቀድማ ሳን ሆዜ መረከቢያው ደጃፍ ላይ ቆማ ስልኳን ታያለች። በካርታው ላይ መኪናው ትንሽ ሰማያዊ ነጥብ ናት። ነጥቧ ተንቀሳቀሰች። ፍሪዌይ ገባች። ከዚያ ወደ ሰሜን ሄደች።

ኡሙልኸይር ስልኩን ገልብጣ አየችው፤ ካርታው የተዘቀዘቀ መስሏት ነበር። ሳን ሆዜ በስተደቡብ ነው። ነጥቧ በርክሌይን አለፈች። ሪችመንድ ገባች። ቆመች።

ደወለች። አያነሣም። ደገመች። አያነሣም። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ። ዘጠኝ ሳጥን፣ የስምንት መቶ ሺህ ሰው ሳንባና ጉልበት፣ ሪችመንድ አንድ መንደር ውስጥ ቆሟል። አለቃዋ ደወለ፤ እሱም ነጥቧን እያየ ነበር። "ለምን ወደ ሰሜን ሄደ?" ይላታል። "እጠይቀዋለሁ።" "አሁን ጠይቂው እንጂ!" "አያነሣም!" ነጥቧ ከአርባ ሰባት ደቂቃ በኋላ ተነሣች፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ዞራ ወደ ደቡብ ትወርድ ጀመር።

ሙሐመድዘይን ረፋዱ አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ደረሰ። ከመኪናው ሲወርድ ዐይኗን አላየም።

"ጋሽ ሙሐመድዘይን፣ ሪችመንድ ምን ይሠሩ ነበር?"

"ጎማ፣ እቴ። ጎማው ነፋስ ቀነሰብኝ።"

"ነፋስ ሪችመንድ ድረስ ተሂዶ ነው የሚሞላው? ኦክላንድ ነፋስ አልቋል?"

"የማውቀው ሰው አለ እዚያ፤ ረከስ ያደርግልኛል ብዬ..."

ዞራ ስድስቱንም ጎማ በጫማዋ ጫፍ መታች። እንደ ድንጋይ የጠነከሩ ናቸው።

ማሸጊያዎቹ ተቆጠሩ። ዘጠኙም አልተነኩም፤ ቁጥራቸው ከሰነዱ ጋር ይገጥማል። ቢሆንም ተረካቢው ሳጥኖቹን ወደ ውስጥ አላስገባቸውም፤ በሽቦ በታጠረ ማቆያ ቆለፈባቸው። የክሊኒኮቹ የደኅንነት ኃላፊ፣ ድምፅዋ የማይወጣ የማይወርድ ሴት፣ በስልክ ገባች። መኪናው ለምን እንደቆመ የሚገልጽ ጽሑፍ፣ ከሹፌሩና ከዐይን ምስክር ፊርማ ጋር፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት በፊት ካልደረሳት ሳጥኖቹ ይሰረዛሉ አለች።

"ቢሰረዙ አርብ አንደርስም እኮ" አለች ኡሙልኸይር። "ሳጥኖቹ በቁልፍ የተመሰጠሩ ናቸው። ቁልፉ የሌለው ሰው ቢሰርቃቸው ለበር ማስደገፊያ ካልሆነ አይጠቅሙትም።"

"አውቃለሁ" አለች ሴትዮዋ። "ውሉ የሚጠይቀው ግን ስለ ቁልፉ አይደለም፤ ስለ መቆሙ ነው።"

ይህን ዓረፍተ ነገር ኡሙልኸይር ከሌላ አፍ፣ በሌላ ቋንቋ፣ ታውቀዋለች። ወደ ሙሐመድዘይን ተመለሰች፤ መኪናው ጥላ ውስጥ ተቀምጦ መቁጠሪያውን እየቆጠረ ነው።

"ጋሼ፣ ይስሙኝ። ጎማ ብዬ መጻፍ አልችልም።"

"ጻፊው። እኔ እፈርማለሁ።"

"ጂፒኤሱ የቆሙበትን ቤት ቁጥር ሁሉ ያሳያል!" ስልኩን ዐይኑ ሥር ወስዳ ካርታውን አሰፋችው፤ መንገዱ ሲቀርብ፣ ቤቱ ሲቀርብ፣ ራሷም አየችው። ደጁ ላይ ሎሚ ያለበት የማዕዘን ቤት። "እትዬ ራውዳ ቤት? እትዬ ራውዳ ቤት ነው የቆሙት?"

ፊቱን ወደ ማቆያው አዞረ።

"ምን ሊያደርጉ? ቁርስ ነው? ዘጠኝ ሳጥን ጭነው ቁርስ ሊበሉ ወደ ኋላ ተመለሱ?"

ሙሐመድዘይን መቁጠሪያውን ኪሱ ውስጥ ከተተ። "አዎ" አላት። "ራበኝ።"

ቢሰድባት ይሻላት ነበር። "ዋስ የሆንኩዎት እኮ እኔ ነኝ" አለች፤ ድምፅዋ ሰው እስኪዞር ወጣ። "ስሜን ነው የጻፍኩት! ስምንት ወር... አንድም ሰው የማይገባውን ነገር ስምንት ወር ሳስረዳ ከርሜ፣ በመጨረሻ ለቁርስ?"

"ልክ ነሽ" አለ። "ልክ ነሽ፣ ኡሙ።"

እሱ ልክ ነሽ ባለ ቁጥር እሷ ይብስባት ነበር። ልጇ ሌይላ ጋ ደወለች፤ ሌይላ ቅዳሜና እሑድ ከእትዬ ራውዳ ቤት አትጠፋም። "እትዬ ራውዳ ቤት ዛሬ ምን አለ?"

"ማም፣ አር ዩ ድራይቪንግ?" አለች ሌይላ።

"አልነዳም። ምን አለ ነው የምልሽ?"

"አይ ዶንት ኖው። ጀስት ፊኒሽ ዎርክ፣ ኦኬ? ፕሊስ።" ሥራሽን ብቻ ጨርሺ ማለቷ ነው።

ልጅቷ ስታድግ አማርኛው እያጠረባት፣ ትዕግሥቷም አብሮ እያጠረ መጥቷል ብላ ስልኩን ዘጋች። ሰዓቱ ሰባት ሊሆን ነው። ምስክር ያስፈልጋታል፤ ምስክሮቹ ያሉት ሪችመንድ ነው። "ይከተሉኝ" አለችው ሙሐመድዘይንን። "ባዶ መኪናዎን ይዘው ይከተሉኝ። የበሉትንም ምግብ ዓይነት ቢሆን በፊርማ አስነግርዎታለሁ።"

ሰኞ ቀትር ላይ ፍሪዌዩ ተጨናንቋል። ፍሪሞንት ላይ ቆመች፣ ሃይዋርድ ላይ ቆመች። በመስተዋቱ ውስጥ የሙሐመድዘይን መኪና ከኋላዋ እንደ ወቃሽ ሳይሆን እንደ ተወቃሽ ርቀቱን ጠብቆ ይመጣል። የታሸገ ጭነት አይጠየቅም። ለአብዱልሙኒም ይህን ስነግረው ምን ይል ይሆን ብላ አሰበች። ሁለት እሑድ ሆነው ስልኩን ካነሣ፤ ባለቤቱ ገጠር ወርዷል ብላታለች። ሲመለስ ትነግረዋለች። "ለቁርስ" ስትለው የሚሥቀው ሣቅ ታያት፤ ትከሻው ብቻ የሚንቀጠቀጥ፣ ድምፅ የሌለው። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቀን ትንሽ ቀለላት።

የእትዬ ራውዳ ደጅ ላይ ጫማ ተደርድሯል። ሰኞ፣ በሥራ ሰዓት፣ ከአሥር ጥንድ በላይ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ስትገፋው ሳሎኑ ዙሪያውን በተጣጣፊ ወንበር ተሞልቶ አገኘችው። ሽማግሌዎቹ አሉ፤ ሁለት ሴቶች አሉ። ሁሉም ሲያዩዋት በአንድ ጊዜ ተነሡ።

የተሰበሰበ ሰው፣ የተደረደረ ወንበር፣ የጠፋ ጨዋታ። አወቀችው። "ማን ሞተ?" አለች።

"ቁጭ በይ፣ ኡሙዬ" አሉ እትዬ ራውዳ።

"አልቀመጥም፣ እትዬ፣ ጊዜ የለኝም። ለቅሶ ነው? ጋሽ ሙሐመድዘይን ለቅሶ ሊደርሱ ነው የቆሙት?" ዞር ብላ አየችው፤ በሩ ላይ ጫማውን አውልቆ ቆሟል። "ይህን ብትነግሩኝ ምን ነበረበት? ለቅሶ እኮ ምክንያት ነው! ለቅሶ ይጻፋል!" ስልኳ ላይ ቅጹን ከፍታው ነበር፤ ፊቷ ፈክቷል። ስምንት ወሯ ሊድን ነው። "አንድ ሁለት ምስክር ይፈርምልኛል፣ አለቀ። ስም ብቻ ንገሩኝ። ቅጹ የሟቹን ስም ይጠይቃል።"

አንዱ ሽማግሌ ምንጣፉን ያያል። ከሴቶቹ አንዷ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች።

"ስሙን!" አለች ኡሙልኸይር። "እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው ያለኝ።"

እትዬ ራውዳ መጥተው ስልክ የያዘውን እጇን በሁለት እጃቸው ያዙት። "አብዱልሙኒም ነው፣ ልጄ" አሉ። "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።"

ስሙ መጀመሪያ የገባት እንደ ማንኛውም ስም ነበር። ጣቷ "አ" የሚለውን ለመጻፍ ተነሥቶም ነበር።

ከሞተ አሥራ ሁለት ቀን ሆኖታል። ልቡ ነው። ሪችመንድ ወሬው የደረሰው በሦስተኛው ቀን ነበር። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ለብቻም አይነገርም፤ በማለዳ ሰው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ ነው የሚነገረው። ግን መቼ? ኡሙልኸይር ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትገባው፤ ባገኟት ቁጥር የምታወራው ስለ አርብ ነው። ስለዚህ ዛሬ ማለዳ ለመማከር ተሰበሰቡ፤ ሳይስማሙም ውለዋል። ከሸንጎው ግማሹ "ዛሬውኑ ማታ እንንገራት፣ መደበቁ ወንጀል ነው" አለ። ሙሐመድዘይንን በስልክ ጠሩት፤ "ጭኛለሁ፣ አልመጣም" ቢላቸው እትዬ ራውዳ "ከሳጥንና ከሰው የቱ ይበልጥብሃል?" አሉት። መጣ። መኪናውን በመስኮቱ ትይዩ አቁሞ፣ ከመጋረጃው ፈቀቅ ሳይል፣ ቆሞ ተናገረ።

"ምን ብለው ተናገሩ?" አለች ኡሙልኸይር። አላለቀሰችም። ወንበር ላይ ናት፤ ማን እንዳስቀመጣት አታውቅም።

"እስከ አርብ ተዉአት አልኩ" አለ ሙሐመድዘይን። "ሥራው ለእሷ ምን እንደሆነ አታውቁም አልኳቸው። ሳታጠናቅቅ ብትሰማ ይበላሽባታል አልኩ።"

"እና እርስዎ ቆመው አበላሹት።"

"አበላሸሁት።"

"ጠዋት ለምን ራበኝ አሉኝ?"

"ምን ልበልሽ? ብቻዬን? በጭነት መኪና መሐል፣ ፓርኪንግ ላይ ቆሜ፣ ወንድምሽ ሞተ ልበልሽ?"

"ስምንት ወር እኔ ሳቅድ" አለች፣ "ደቂቃ ሳትቀር ሳቅድ፣ እናንተ እዚህ ተቀምጣችሁ የእኔን ለቅሶ ቀጠሮ ትይዙለታላችሁ? ሰኞ ይሁን፣ አርብ ይሁን እያላችሁ? እሑድ ደውዬለት ነበር እኮ! ሁለት እሑድ! ልጄ ሳትቀር ታውቃለች!"

"ወግ ነው፣ እቴ" አሉ አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው።

"ውልም ወግ ነው!" ብላ ጮኸች።

እትዬ ራውዳ "ስልኩን አስቀምጪና አልቅሺ፣ ልጄ፤ እንዲህ ደርቀሽ አትቀመጪ" ቢሏትም አላስቀመጠችውም። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ቅጹ የመቆሙን ምክንያት ከዝርዝር ምረጡ ይላል። የመንገድ መዘጋት። የተሽከርካሪ ብልሽት። የሹፌር ሕመም። ሌላ። "ሌላ" የሚለውን ነካች። ከሥሩ ሦስት መቶ ፊደል ብቻ የሚይዝ ሳጥን ተከፈተ።

ሹፌሩ የቆመው የወንድሜ መሞት መቼ ይነገረኝ በሚለው ላይ ከማኅበረሰቡ ሽማግሌዎች ጋር ለመማከር ነው ብላ በእንግሊዝኛ ጻፈች። አነበበችው። ያበደ ሰው የጻፈው ይመስላል። አንድ ፈረንጅ ቢሮው ተቀምጦ ይህን ሲያነብ፣ "ለምን ወዲያው አልነገሯትም?" ሲል ታያት። ለዚያ የሚሆን መልስ ሦስት መቶ ፊደል ውስጥ አይገባም። አጠፋችው፣ ደግማ ያንኑ ጻፈች፤ እውነቱ ሌላ መልክ የለውም። "የጭነቱ በር ከዕይታ አልራቀም፣ ማሸጊያው አልተነካም" ብላ ጨመረች። ስልኩን ለሙሐመድዘይን ሰጠችው፤ በጣቱ ፈረመ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በተራ መነጽራቸውን አድርገው፣ መስታወቱ ላይ እንደ ውል ወረቀት ተጠንቅቀው ፈረሙ። ዋስ በሚለው ቦታ እሷ ፈረመች። አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ላከችው።

መልሱ ከአርባ ደቂቃ በኋላ መጣ። ለደረሰባት ኀዘን መጽናናትን ይመኛሉ። ጭነቱን ተቀብለውታል። ሹፌሩ ግን ከዝርዝሩ ተሰርዟል። አለቃዋም ጻፈ፤ ወንድም ሲሞት ሦስት ቀን ፈቃድ እንደሚሰጥ፣ ከነገ መጀመር እንደምትችል።

"ከአርብ በኋላ" ብላ መለሰችለት። ከላከችው በኋላ ነው የገባት፤ ጠዋት መስኮቱ ሥር ቆሞ ሙሐመድዘይን የተናገረው ይህንኑ ነበር። ልክ መሆኑም አናደዳት።

ሲሸኛት ደጅ ላይ ነገረችው። "ለሐሙስ ሌላ ሹፌር ጠይቀውኛል።"

"አውቄዋለሁ። እኔም ብሆን እኔን አልቀጥርም።" ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲያጠልቅ ቆየ። "ያ የኮምቦልቻው ሰውዬ ቢሰማ ምን ይለኝ ነበር?"

"የቆመ መኪና ይጠየቃል ነበር የሚልዎት።"

ሙሐመድዘይን ራሱን ነቀነቀ። "ደግ ብሏል" አለ።

ሐሙስ ስምንቱ ሳጥኖች ተጫኑ። አዲሱ ሹፌር ስሟን እንኳ በቅጡ መጥራት የማይችል ወጣት ጎረምሳ ነው፤ ኩባንያ የላከው። ኡሙልኸይር እንደ አጃቢ ተመዝግባ ጎኑ ተቀመጠች፤ ከእንግዲህ ነጥብ በስልክ ማየት አትፈልግም። ማሸጊያዎቹን አንድ በአንድ ቆጠረች። መኪናው ተነሣ፣ ፍሪዌይ ገባ፣ ወደ ደቡብ ዞረ። ሁሉም ነገር እንደታቀደው ነው።

ሃይዋርድን ሲያልፉ ከፊታቸው ባለተሳቢ የጭነት መኪና ነበር፤ የኋላ በሩ ላይ አንዲት ትንሽ ማሸጊያ ተንጠልጥላ ትወዛወዛለች። ኡሙልኸይር ቁጥሯን ለማንበብ ዐይኗን አጠበበች። ልማድ ነው። ከዚያ ማንበብ አቃታት። መጀመሪያ ዐይኗ ብቻ ነበር፤ ቀጥሎ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ድምፅ ሳይኖረው፤ ቀጥሎ ድምፁ መጣ።

ሹፌሩ ደነገጠ። በእንግሊዝኛ፣ "ዳር ይዤ ላቁም፣ እመቤት?" አላት። የቀኙን ምልክት አብርቶም ነበር።

"አይቻልም" አለችው። የቀበቶውን ማሰሪያ በሁለት እጇ ጨብጣለች። "አታቁም። ምንም ቢሆን አታቁም። ዝም ብለህ ንዳ።"